በስሙ የተፈረደበት ልብ ወለድ

አንድ ሥራ ሳይነበብ በስሙ ብቻ የሚፈረድበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝኛ «ቪዡዋል ኖቭል» እየተባለ የሚጠራው፣ በአማርኛም «ሥዕላዊ ልብ ወለድ» ቢባል የማይከፋው የኪነ ጥበብ ዘርፍ የደረሰበት ይኸው ነው። ከጥይት ተኩስና ከመኪና እሽቅድድም ጐን በአንድ መደብር ስለሚሸጥ «ጨዋታ» ተባለ፤ «ጨዋታ» ስለተባለም መምህሩ ከተማሪው እጅ የሚነጥቀው፣ ሐያሲው ስሙን ለማንሣት የሚያፍርበት፣ ደራሲው ደግሞ ከሙያው ጋር አንዳችም ዝምድና ያለው የማይመስለው ነገር ሆኖ ቀረ።

በአንጻሩ የቆሙ ወዳጆችም አሉት። እነዚህኞቹ «ተደራሲው ነጻ ወጣ፤ ከእንግዲህ የታሪኩን ፍጻሜ የሚወስነው እርሱ ነው» ይላሉ። አንድን ሥራ ሊያወድሱ ሲነሡ ገበሬ ነዶ እንደሚቆጥር ሁሉ ስንት መጨረሻ እንዳለው ይቆጥራሉ፤ ሃያ መጨረሻ ያለው ዐሥር ካለው ይበልጥባቸዋል።

ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። የፊተኞቹ የተሳሳቱት ሳያነቡ ስለፈረዱ ነው፤ ይህ በማንበብ ይታረማል። የኋለኞቹ ግን አንብበው የተሳሳቱ ናቸውና የእነርሱ ይብሳል። የሥዕላዊ ልብ ወለድ ዋጋ ለአንባቢው በሚሰጠው ነጻነት ላይ አይደለም፤ ያ ነጻነት ከተደረደሩ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ከመንካት አያልፍም። ዋጋው ያለው አንባቢውን ተጠያቂ በማድረጉ ላይ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው? በስክሪኑ ላይ አንድ የቦታ ሥዕል ይዘረጋል፤ ክፍል፣ ጐዳና ወይም የመንደር መንገድ ይሆናል። በፊቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይቆማሉ። ከግርጌ ጽሑፍ ይወጣል፤ አንባቢው ቁልፍ በነካ ቁጥር አንድ መስመር ይጨመራል። ከበስተጀርባ ሙዚቃ ወይም የዝናብ ድምፅ ይሰማል። አልፎ አልፎ ታሪኩ ይቆምና «ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ይኸው ነው። መድረክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ የመድረኩ ጀርባ ሥዕል፣ የተዋናዩ አቋቋም፣ ቃለ ተውኔቱ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ አለ። የጎደለው እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ እርሱንም ቃሉ ይተካዋል።

ዘርፉ የጃፓን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዩጂ ሆሪይ «የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ» የተባለውን የወንጀል ምርመራ ታሪክ ለኮምፒዩተር ሠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1992 ቹንሶፍት የተባለው ኩባንያ «ኦቶጊሪሶ»ን አወጣና የሥራውን ዓይነት «የድምፅ ልብ ወለድ» ብሎ ሰየመው። ከሁለት ዓመት በኋላም ያው ኩባንያ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊውን ታኬማሩ አቢኮን አስጽፎ «ካማይታቺ ኖ ዮሩ»ን አቀረበ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሰዎቹ ፊት የላቸውም፤ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ናቸው። ቶሩና ማሪ የተባሉ ወጣቶች ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ተራራ ሄደው ባረፉበት ቤት የበረዶ ማዕበል ይዘጋባቸዋል፤ ከክፍሎቹ በአንዱም የተቆራረጠ አስከሬን ይገኛል። ፊት የሚባል ነገር ስለሌለ ከጥርጣሬ የሚያመልጥ የለም፤ የማረፊያ ቤቱ ባለቤትም ቢሆን፣ አብራ የመጣችው ማሪም ብትሆን። አንባቢው እውነቱን ቶሎ ካልደረሰበት እንግዶቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚጠየቅበት ሰዓት ሲመጣም ከተደረደሩ ስሞች አንዱን መንካት አይበቃም፤ ስሙን ራሱ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት።

ያ ሰዓት ለአንባቢው የሚያሳፍር ሰዓት ነው። የወንጀል ልብ ወለድ በወረቀት ሲነበብ «ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ መጽሐፉ አይጠይቅም፣ አይመረምርም። እዚህ ግን ደፍሮ የአንድን ሰው ስም መጻፍ ግድ ነው። ጥርጣሬ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚያ ሰዎች ያለቁት እርሱ ልፍስፍስ አንባቢ ስለነበረ፣ በሁለተኛው ሰዓት ላይ የተነገረውን ነገር እንደ ወሬ ስላሳለፈው መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል። ይህ ስሜት ለአገራችን ተደራሲ እንግዳ አይደለም። በምሽት ተረት ሲነገር ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ልጅ እንቆቅልሽ ሲጀመር ባለዕዳ ይሆናል፤ መልሱን ካጣው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገርም ይሰጣል። ተረቱና እንቆቅልሹ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚነገሩ ሆነው ሳሉ አንዱ ከሰሚው ጆሮ ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላው ዋስ ያስጠራል።

የ«ነጻነት» ሰባኪዎች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ሥራዎች አንባቢው ያለበትን ቦታ መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ሲሻውም ወደዚያው መመለስ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች መንታ መንገድ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ማሰብ ሳይሆን መመዝገብ ነው። አንደኛውን ይሞክራል፤ ወዳጁ ይሞታል። ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ይሞክራል፤ ወዳጁ ይተርፋል። ይህ ምርጫ ሊባል አይችልም፤ ገበያ ወጥቶ ጫማ እንደ መለካት ያለ ነገር ነው።

ነጋዴው ይህን ድክመት ቶሎ ዐወቀበት። ቁጥራቸው የበዛ የፍቅር ሥዕላዊ ልብ ወለዶች የተሠሩት በዚሁ ስሌት ነው፤ አምስት ልጃገረዶች፣ አምስት መንገዶች፣ አምስት መጨረሻዎች። እያንዳንዷ የምትወደው ቃል አስቀድሞ ተለክቶ ተቀምጧል፤ ትክክለኛ መልሶቹን የደረደረ ገዢ ያገኛታል፤ ነገ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌላይቱን ያገኛል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለገበያ ሲባል ወሲባዊ ሥዕል የተጨመረባቸው ናቸው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ሲያወግዙ ትክክል ናቸው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። የተሳሳቱት አረሙን አይተው «ማሳው በሙሉ አረም ነው» ሲሉ ነው።

ንግዱን ከሁሉ በላይ ያጋለጡት የዘርፉ የራሱ ደራስያን ናቸውና። አሜሪካዊው ዳን ሳልቫቶ በ2017 ያወጣው «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» በአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ ይጀምራል። ተጫዋቹ ከቀረቡለት ቃላት እየመረጠ «ግጥም ይጽፋል»፤ ቃላቱም የሚመረጡት ለየትኛይቱ ልጅ እንደሚጥሙ እየተገመተ ነው። (ግጥም ከዚህ የከፋ ስድብ ደርሶበት ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ደራሲው ግን ይህን ያደረገው ዐውቆ ነው።) ከልጃገረዶቹ አንዷ ሳዮሪ በሞተች ጊዜ ተጫዋቹ እንደ ልማዱ ወደ መዝገቡ ይሮጣል። መዝገቡ ተሰርዟል። የሚመለስበት ቦታ የለም፤ ታሪኩም እንደገና ሲጀምር እርሷ ፈጽሞ እንዳልነበረች ሆኖ ይጀምራል።

በ2009 የወጣው «ስታይንስ ጌት» ከዚህም ይጠልቃል። ኦካቤ ሪንታሮ የተባለ ወጣት በቶኪዮ በአኪሃባራ ሠፈር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወደ ኋላ ዘመን አጭር የስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሠራል። ወዳጆቹ ተራ በተራ ያለፈ ሕይወታቸውን በመልእክት ያርማሉ። ፌሪስ የተባለችው ልጅ በላከችው መልእክት ከዐሥር ዓመት በፊት በአውሮፕላን አደጋ የሞተው አባቷ ወደ በረራው እንዳይሄድ ታደርጋለች፤ አባትየው በሕይወት ተገኘ። ከዚያ በኋላ የኦካቤ የልጅነት ወዳጅ ማዩሪ ትሞታለች። ኦካቤ ጊዜን ወደ ኋላ እየመለሰ ሊያድናት ይሞክራል፤ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ መንገድ ትሞታለች። ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ትሞታለች። በመጨረሻ የሚታወቀው ነገር እርሷን ለማትረፍ የተላኩት መልእክቶች ሁሉ መሻር እንዳለባቸው ነው። የፌሪስ አባት ወደ መቃብሩ መመለስ አለበት።

ተጫዋቹ በዚህ ሥራ ውስጥ ፈቃዱን የሚገልጸው በባለታሪኩ ስልክ ነው። መሻሩን እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ካለ ታሪኩ እዚያው ያበቃል። እሺ ካለ ደግሞ አንዲት ልጅ አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ታጣለች። እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ፣ መሰረዝ፣ እንደገና መሞከር የተጫዋቹ የዘወትር ልማድ አልነበረምን? ደራስያኑ ያንኑ ልማድ አንሥተው የባለታሪኩ መከራ አደረጉት። ምርጫውን የታሪክ ዕቃ ሳይሆን የታሪኩ ጉዳይ አድርገውታልና ይዘትና ቅርፅ ተዋሐዱ የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ስለ «428» ጥቂት ቃል ይበቃል። በ2008 የወጣ ሲሆን በሥዕል ፈንታ የእውነተኛ ተዋንያን ፎቶግራፍ ይጠቀማል። አምስት ሰዎች በአንድ ቀን በሺቡያ ሠፈር ይውላሉ፤ የአንዱ ጥቃቅን ውሳኔ ሌላውን በማያውቀው ጐዳና ላይ ያሰናክለዋል። የተሰናከለውንም ለማንሣት ወደ ራሱ ታሪክ መመለስ አይረዳም፤ ወደ ሌላው ሰው ሕይወት ገብቶ እዚያ ማረም ያሻል። ነጻነት ለብቻ የሚበላ ምግብ ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

በቬኔዙዌላ አነስተኛ ቡድን ተሠርቶ በ2016 የወጣው «ቫልሃላ» ደግሞ የንግግር ምርጫን ፈጽሞ ያስወግዳል። ጂል የምትባለው ባለታሪክ በአንድ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ መጠጥ ቀጂ ናት። ተጫዋቹ የምትናገረውን አይመርጥላትም፤ መጠጥ ይቀላቅላል። ለደንበኛው የጠየቀውን ይስጠው ወይስ የሚያስፈልገውን? አልኮሉን ያብዛ ወይስ ይቀንስ? የሰውየው አንደበት በዚያው መጠን ይፈታል ወይም ይዘጋል። ጂል የምትከፍለው የቤት ዕዳ አለባት፤ ያማራትን ነገር ሳትገዛ የቀረች እንደሆነም በሥራዋ ላይ ሐሳቧ ይበተናል። የሰው ልብ በተናገረው ቃል ሳይሆን በቀዳው ጽዋ ሲገለጥ ማየት ለተውኔት ጸሐፊ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ብዙ ተውኔቶች የሚወድቁት ገጸ ባሕርያቱ ሥራ ፈትተው ስለሚያወሩ ብቻ ነው።

የዘርፉን ሙሉ ኃይል የሚያሳየው ግን አንድም ምርጫ የሌለበት ሥራ ነው። «ሂጉራሺ ኖ ናኩ ኮሮ ኒ» ከ2002 እስከ 2006 በስምንት ክፍል ወጣ። ደራሲው ሪዩኪሺ ዜሮ ሰባት በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሲሆን ክፍሎቹን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እየሠራ ኮሚኬት በተባለው የቶኪዮ የአማተሮች የኅትመት ገበያ በሲዲ ሸጣቸው። ሥዕሉንም ራሱ ሣለው፤ ሠዓሊ አለመሆኑን ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል፤ የሰዎቹ እጆች ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። ቦታዎቹ የተነካኩ ፎቶግራፎች ናቸው። አንባቢው የሚመርጠው ነገር የለም። ያነባል፣ ቁልፍ ይነካል፣ ያነባል።

መቼቱ ሂናሚዛዋ የተባለች የተራራ መንደር፣ በ1983 ሰኔ ወር ነው። መንደሯን ሊያሰጥማት የነበረ የግድብ ዕቅድ ነበረ፤ መንደርተኛው ተባብሮ ታግሎ አስቀረው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ነው፤ ደካማ ደራሲ ቢሆን እዚያ ላይ ባንዲራ ሰቅሎ ባቆመ። ይህ ደራሲ ግን የድሉን ጓዳ ይከፍታል። በግድቡ የተስማማ የሆጆ ቤተሰብ ነበረ፤ መንደሩ አገለለው፤ ወላጆቹ ከጠፉ በኋላም ማግለሉ ወደ ልጆቹ ተላለፈ። ታናሺቱ ሳቶኮ በአጎቷ እጅ ወደቀች፤ ይደበድባታል። ጎረቤት ያያል፤ ዝም ይላል። ለመንደሩ የታገለው ያው ሕዝብ፣ ያው አንድነት፣ አሁን አንዲት ሕፃን ስትጠፋ ፊቱን ያዞራል።

በ2003 በወጣው ሦስተኛ ክፍል ከከተማ የመጣው ጓደኛዋ ኬይቺ ይህን ያያል። የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ጥንቃቄ ያበዛል፤ ልጅቱም ራሷ ምንም እንዳልደረሰባት ትናገራለች። ኬይቺ በመጨረሻ ጨለማን ተገን አድርጎ ብቻውን አጎቷን ይገድላል። አንባቢውስ? መታመን ያለበት ነገር ነው፤ አንባቢው ከኬይቺ ጋር ነው። ቁልፉን የሚነካው እየቸኮለ ነው። ምርጫ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ በመረጠ ነበር። ከግድያው በኋላ ግን የሚመጣው ጥፋት ነው፤ ልጅቱ አልዳነችም፤ በክፍሉ መጨረሻም መንደርተኛው በሙሉ አልቆ ይገኛል።

ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2005 መጨረሻ ሰባተኛው ክፍል ሲወጣ ያው አጎት፣ ያችው ልጅ፣ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ኬይቺ በዚህ ጊዜ የመግደልን ሐሳብ ይተዋል። ከጓደኞቹ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ «እንመለከተዋለን» ተብለው ይመለሳሉ። ሰው ጨምረው ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። አሁንም ጨምረው ይሄዳሉ። መምህሯ ትመጣለች፤ ሐኪሙ ይመጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ የሚከብደው ግን የገዛ መንደራቸው ነው። ቂሙ እያለ መንደሩ አይንቀሳቀስምና ኬይቺ የኃያሉን የሶኖዛኪ ቤት ባለቤት አሮጊቷን ኦሪዮን ፊት ለፊት ተጋፍጦ በሆጆ ልጆች ላይ የኖረው መገለል እንዲነሣ ያደርጋል። ልጅቱም ራሷ በመጨረሻ እርዳታ ትጠይቃለች። (ይህ ሁሉ ሆኖ ሰባተኛው ክፍል በደስታ አያልቅም፤ ደራሲው ለድል እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም።)

አንባቢው በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሦስተኛውን ቀን ሲያነብ በሦስተኛው ክፍል የነበረውን ችኮላ ያስታውሳል። ያን ጊዜ የነካቸው ቁልፎች ይቆጠሩበታል። ማንም «ምረጥ» አላለውም፤ እርሱ ግን በልቡ መርጦ ነበር፤ ምርጫውም ተመዝግቧል። መጨረሻ ቆጣሪዎቹ ይህን ሥራ «ምርጫ ስለሌለው ጨዋታ አይደለም» ሲሉ ይሰማሉ። እንዲህ ከሆነ ጨዋታ የሚባለው ነገር በጣት የሚነካውን ብቻ የሚያውቅ ነገር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ምርጫ ከሌለው በወረቀት ታትሞ ቢነበብስ ምን ይጎድለዋል? መልሱ ለተውኔት ሰው ግልጽ ነው፤ ዝምታ ይጎድለዋል። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ዐይን ሳይፈቀድለት ወደ ግርጌው ይዘላል፤ ሞት ካለ ከሦስት መስመር በፊት ያየዋል። በዚህኛው ግን የሚቀጥለው መስመር ገና አልተወለደም። በሙቀት ወራት ምሽት የሚንጫጩት ነፍሳት፣ የሥራውም ስም የተወሰደባቸው፣ በድንገት ጸጥ ይላሉ፤ ሙዚቃው ይቆማል፤ ሲስቅ የነበረ ፊት ይለወጣል፤ ከዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ይወጣል። አዘጋጅ ተዋናዩን «እዚህ ላይ ሦስት ትንፋሽ ቁም» እንደሚለው ሁሉ ደራሲው አንባቢውን ያቆመዋል። የሚቀጥለውን የሚያመጣው ደግሞ የአንባቢው የገዛ ጣት ነው። እንዳይሆን የሚፈራውን ነገር ራሱ ጠርቶ ያመጣዋል። ይህን ወረቀት አይችለውም፤ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ የቲያትር ተመልካችም ይህ ዕዳ የለበትም።

ድክመቱ አይካድም። ሥራዎቹ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። «ሂጉራሺ» ራሱ ነገሩ ከመድረሱ በፊት አንባቢውን ለረጅም ሰዓታት በተማሪዎች ልፊያና ቀልድ ውስጥ ያንከላውሰዋል፤ ከዚያ ውስጥ ሲሦው ቢቀደድ የሚያዝን አንባቢ አይገኝም። የብዙዎቹ ቋንቋ ልቅ ነው፤ አርታኢ ያልነካው መሆኑ ያስታውቃል። ሴቶችን እንደ አሻንጉሊት መሣል በጎዎቹ ሥራዎች ላይም ተጣብቆ ቀርቷል። እንዲህ ያሉትን ነገሮች ለይቶ መንቀስ የሂስ ሥራ ነው፤ ሐያሲ ሳያነብ ዝም ሲል ግን ሥራውን ለነጋዴው ማስታወቂያና ለወዳጆቹ ጭብጨባ ትቶታል።

«ወጣቱ ማንበብ ተወ» የሚል ሮሮ በየስብሰባው ይሰማል። ይህን የሚሉ ወገኖች አንድ ተማሪ «ስታይንስ ጌት»ን ለመጨረስ ምን ያህል ጽሑፍ በትዕግሥት እንደሚያነብ አስልተው አያውቁም፤ ያውም በባዕድ ቋንቋ። ልጁን መንቀፍ ቢያሻ እንኳ ስለ ምን እንደሚነቀፍ መታወቅ አለበት። ማንበቡን አልተወም፤ በገዛ ቋንቋው የሚያነበው እንዲህ ያለ ሥራ አጥቷል።

ይህን ሥራ መሥራት ሀብት የሚጠይቅ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ ሬንፓይ የተባለ፣ ቶም ሮታሜል ያዘጋጀው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ድምፅ ማስገባት ለሚችል ሰው ሁሉ ክፍት ነው። የግዕዝ ፊደልም ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ የአማርኛ ቃለ ተውኔት በስክሪኑ ላይ ለማስፈር ተገቢው ፎንት ይበቃል። የራዲዮ ድራማ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ድምፁን ያውቁበታል። የጀርባ ሥዕሉ በአንድ ተራ ካሜራ የተነሣ የቀበሌ አዳራሽ፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ሊሆን ይችላል። ገጸ ባሕርያቱን የሚሥል ሠዓሊ ከታጣ ጥላቸው በቂ ነው፤ አቢኮ በጥላ ሠርቷል። የሚፈለገው ከሦስትና ከአራት ሰዎች የማይበልጥ ቡድንና አንድ የተጠናቀቀ ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ አንድም የምርጫ ቁልፍ ባይኖረው አያስነቅፍም።